ለጥጃ የተደከመውን ያህል

ሰው ማሳ ሊዘራ ሲል አስቀድሞ ያርሳል፤ ቤት ሊሠራ ሲል አስቀድሞ መሠረት ይቆፍራል፤ ድግስ ሊደግስ ሲል አስቀድሞ ጌሾውን ያስወቅጣል፣ ብቅሉን ያሰናዳል። በእኛ አገር በጉና ተራራ ሥር፣ በጥር ወር ለሚደረግ ሠርግ መሰናዳት የሚጀመረው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው። የሙሽራዪቱ ልብስ፣ ማሩ፣ ፍሪዳው፣ የዳሱ እንጨት ስንኳ ሳይቀር አስቀድሞ ይታሰባል። ዳሩ ግን የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ነው ለሚባለው ለልጁ፣ ከመፀነሱ በፊት አንድ ቀን ተቀምጠው የሚመካከሩ ባልና ሚስት ጥቂቶች ናቸው። ልጅ በራሱ ጊዜ ይመጣል ይባላል፤ ሳይመጣ የቀረ እንደሆነም ጥፋቱ የሴቲቱ ነው ይባላል።

እኔ በዚህች ጽሑፍ የምከራከረው ከነዚህ ከሁለቱ አባባሎች ጋር ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ የምከራከረውም ከሩቅ ቆሜ አይደለም። ሁለቱንም ብዬ ያጠፋሁ ሰው ነኝና፣ ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር።

የተወለድሁት ፋርጣ ነው፤ የማስተምረው ደብረ ታቦር ከተማ ነው። ባለቤቴን በወግ በማዕርግ ካገባኋት በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ልጅ ሳንወልድ ቆየን። በመጀመሪያው ዓመት ዘመድ ሁሉ ዝም አለ። በሁለተኛው ዓመት እናቴ ባለቤቴን «ልጄ፣ የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት ወይ?» ትላት ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ጥያቄው ቀርቶ ትእዛዝ ሆነ። ሥር ተማሰ፣ ቅጠል ተበጠሰ። ባለቤቴ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች፤ በየደብሩ ጠበል ተጠመቀች፤ ስለት ተሳለች፤ ስሙን የማታውቀውን መራራ ቅጠል በጥብጠው አጠጥተዋት ሦስት ቀን ሙሉ ስታስመልስ ሰነበተች። በአራተኛው ዓመት ደግሞ ዘመዶቼ «ይህች ሴት መካን ናት፤ ፍታትና ሌላ አግባ» እያሉ በጆሮዬ ያንሾካሹኩ ጀመር።

እኔስ ምን አደረግሁ? «አልፈታትም» አልሁ። ይህንንም እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥሬው፣ ራሴን ደግ ባል ነኝ እያልሁ አወድስ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ስንኳ ሐኪም ቤት ሄጄ ራሴን አላስመረመርሁም። መመርመር የሚገባኝ መሆኑም በሐሳቤ አልመጣም።

በአምስተኛው ዓመት ለሰንበት አባቴ ቤት ወርደን ሳለ፣ የአባቴ ላም ሌሊቱን ስትጮኽ አደረች። አባቴ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ አያትና «ኮርማ ፈልጋለች» አለ፤ ወዲያውም ለማዳቀል ባለሙያው ስልክ አስደወለ። ባለሙያው «ጠዋት የፈለገች ላም ከሰዓት በኋላ ናት፤ ማታ የፈለገች ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ናት፤ ስለዚህ ከሰዓት እመጣለሁ» ብሎ መለሰ። እንዳለውም በሞተር ሳይክል መጣ። የያዘው ዕቃ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለበት፤ የኮርማው ዘር በቀጫጭን ቀሰም ተሞልቶ በውስጡ ተቀምጧል። ባለሙያው እጁን ታጠበ፤ እስከ ክንዱ የሚደርስ ጓንት አጠለቀ፤ ቀሰሙን ለብ ባለ ውሃ አሟሟቀ፤ በላዩ ያለውን ቁጥርም አንብቦ በመዝገቡ ጻፈ። አባቴ ጠንቃቃ ሰው ነውና ዝም ብሎ አላሳለፈውም።

«ለመሆኑ ኮርማው ደኅና ነው? ተመርምሯል?» ብሎ ጠየቀው።

«አባቴ፣ ያልተመረመረ ኮርማ ዘሩ አይላክም። በሽታ እንደሌለበት ይታያል፤ ዘሩም ሕያው መሆኑ በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ወደ አንቱ ቤት የሚመጣው» አለው።

የላሟን ገመድ ይዛ የቆመችው ባለቤቴ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ዓይኔን ወደ መሬት መለስሁ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ «ኮርማው ስንኳ ተመርምሯል» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ያችን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሳምንቱ ሁለታችንም ሐኪም ቤት ሄድን። በእርሷ ላይ ጉድለት አልተገኘባትም። የእኔ ዘር ግን ቁጥሩ እጅግ ያነሰ፣ እንቅስቃሴውም የደከመ ሆኖ ተገኘ። የወንድ ዘር በሰውነት ውስጥ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታልና፣ አንድ ምርመራ አይበቃም ተብሎ ከሦስት ወር በኋላ ተደገመ፤ ያው ሆነ። እንግዲህ አምስት ዓመት ሙሉ መራራ ቅጠል ስትጠጣ የኖረችው ጤነኛዪቱ ነበረች።

እስቲ ነገሩን በሚዛን እንየው። ቃሊቲ ላይ ብሔራዊው የከብት ማዳቀል ማዕከል ከተቋቋመ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ወዲህ፣ ይህ ጥበብ በየገጠሩ ስለ ተዳረሰ፣ ዛሬ የፎገራም የፋርጣም ገበሬ ለላሙ ሲል አምስት ነገር ማድረግ ያውቃል። ጊዜዋን ይጠብቃል፤ የዘሩን ጤንነት ይጠይቃል፤ ባለሙያ ይጠራል፤ ንጽሕናን ይጠብቃል፤ መዝገብ ይይዛል። ይኸው ሰው ለገዛ ሚስቱ ከአምስቱ አንዱን ስንኳ አያደርግም። ላሟ ሳትፀንስ የቀረች እንደሆነ «ምናልባት ኮርማው ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሚስቱ ሳትፀንስ የቀረች እንደሆነ ግን ኮርማው አይጠረጠርም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ በዓለም ላይ ካሉት ለመውለድ ከደረሱ ሰዎች ከስድስቱ አንዱ በዕድሜው አንድ ጊዜ ልጅ የማጣት ችግር ይደርስበታል። ልጅ ካጡት ባልና ሚስቶች መካከልም በግማሾቹ ያህል ችግሩ በወንዱ ብቻ፣ ወይም በወንዱና በሴቲቱ በሁለቱም ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሴቲቱን ብቻ መካን ብሎ መጥራት ውሸት ነው። ውሸት ብቻም አይደለም፤ ግፍ ነው።

«ሰው ላም አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ላም ፈቃዷን አትጠየቅም፤ ጥጃም አድጎ «አባቴ ማነው?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ለሰው ሲሆን በአምስቱ ላይ ሁለት ይጨመራሉ፤ እነርሱም ፈቃድና እውነት ናቸው። የእኔ ሁለተኛ ጥፋት የመጣው በነዚህ በሁለቱ በኩል ነው።

የምርመራው ውጤት ከታወቀ በኋላ አንድ ባልደረባዬ በምስጢር ጠርቶ ስልኩን አሳየኝ። «አሁን ይህ ነገር ቀሏል። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ስሪንጅ ገዝተህ በቤትህ ማድረግ ትችላለህ። ዘሩንም ቢሆን ወንድምህ አለልህ፤ ደሙ ያው ያንተው ደም ነው፤ ማንም አያውቅም» አለኝ። እኔም ኀፍረቴ የሚሸፈንበት መንገድ የተገኘ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኋት። እርሷም ሰምታኝ ስታበቃ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። «ወንድምህ ተመርምሯል ወይ? የወንድምህ ሚስት ታውቃለች ወይ? ልጁ ሲያድግ ማን ይነግረዋል?» ለሦስቱም መልስ አልነበረኝም። በዚያች ሌሊት ከአንድ የሕክምና መጽሐፍ ይልቅ የሚበልጥ ትምህርት ተማርሁ።

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ስልክ በእጃችሁ ነው፤ እኔ ያየሁትን እናንተም ታዩታላችሁ። «አትዩት» ብላችሁ አትሰሙኝም፤ ደግሞም በቤት የሚደረገው ነገር በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳያውቁ፣ ሳይመረመሩና ተደብቀው ማድረጉ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ሰባቱን ነገሮች አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛው ጊዜን ማወቅ ነው። የሴት እንቁላል የሚወርደው ቀጥሎ የሚመጣው የወር አበባ ከመጀመሩ 14 ቀን ያህል አስቀድሞ ነው። ከወረደ በኋላ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው፤ የወንድ ዘር ግን በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ተስፋ ያላቸው ቀኖች እንቁላሉ ከመውረዱ በፊት ያሉት 5 ቀኖችና የወረደበት ቀን ናቸው። ይህን ለማወቅ ጥቂት ወር የወር አበባን ቀን እየጻፉ መያዝ ያስፈልጋል። የላሙን ቀን ቆጥሮ የሚያውቅ ባል ይህንን ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ቢቆጥር ክብሩ አይቀነስም።

ሁለተኛው ጤንነት ነው። ባልና ሚስት ኤች አይ ቪን፣ የጉበት በሽታ ቫይረስ ቢን፣ ቂጥኝንና ሌሎቹን በግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች አብረው ይመርመሩ። ከነዚህ ብዙዎቹ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያልፋሉ፤ ስሪንጅም አያግዳቸውም። በሽታው ገና በያዘው ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በምርመራ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የዘር ባንኮች የለጋሹን ዘር አቀዝቅዘው ስድስት ወር ያህል አቆይተው ሰውየውን እንደገና ሲመረምሩ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። «ወንድሜ ነው፣ አውቀዋለሁ» ማለት ምርመራ አይደለም። በአፍሪካ ብዙዎቹን ሴቶች ልጅ የሚያሳጣቸው የማኅፀን ቱቦ መዘጋት ነው፤ እርሱም ባብዛኛው ሳይታከም ከቆየ እንዲህ ካለ በሽታ ይመጣል። ሴቲቱም ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ ትጀምር። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀኖች፣ እናቲቱ ማርገዟን ገና ሳታውቅ ነውና፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ኪኒን ዘግይቷል። ባልም ሲጋራውን ይተው፤ አረቄውንም ይተው።

ሦስተኛው ባለሙያ ነው። በቤት የሚደረገው ነገር ለሁሉ መድኃኒት አይደለም። የሚረዳው ለጥቂቶች ነው፤ ይኸውም ዘሩና ማኅፀኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ግንኙነት ማድረግ ለተሳናቸው ባልና ሚስት ነው። ሚስት ኤች አይ ቪ ኖሮባት ባል ነጻ የሆነ እንደሆነም፣ ባልን ሳያሰጉ ለመፀነስ ሐኪሞች ይህን መንገድ ሲመክሩ ኖረዋል። ዛሬ መድኃኒቷን በደንብ የወሰደችና ቫይረሱ በደሟ በምርመራ የማይታይ ሴት በግንኙነት እንደማታስተላልፍ ታውቋልና፣ ይህንንም ከሐኪም ጋር ይማከሩበት። ቱቦው የተዘጋባት ሴት፣ ወይም ባሏ ፈጽሞ ዘር የሌለው ሴት፣ በባሏ ዘር በቤት ሺህ ጊዜ ብትሞክር ዕድሜዋን ታባክናለች እንጂ አትፀንስም። ስለዚህ አንድ ዓመት ሞክረው ያልሆነላቸው፣ ሴቲቱ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነችም ስድስት ወር ሞክረው ያልሆነላቸው፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በ2011 ዓ.ም. መካንነትን የሚያክም ማዕከል ተከፍቷልና፣ እንደ ቀድሞው ባሕር መሻገር ግድ አይደለም።

አራተኛው ንጽሕና ነው። ስሪንጁ አዲስ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ መርፌ የሌለው ይሁን፤ አንድ ጊዜ ከተሠራበት በኋላ ይጣል። ዘሩ የሚጠራቀምበት ዕቃ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ተራ ኮንዶም ግን ለዚህ አይሆንም፣ በውስጡ ያለው ቅባት ዘሩን ይጎዳልና። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙናው ግን ከሴቲቱ ሰውነት ውስጥም ከዘሩም አይድረስ። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ምራቅ፣ ቅጠል፣ ማር፣ ሎሚ ከዘሩ ጋር አይገናኙ። ዘሩ ሳይሞቅና ሳይቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይድረስ። ከሁሉም በላይ ይህን ልብ በሉ፤ በቤት የሚደረገው በብልት ውስጥ ብቻ ነው። ወደ ማኅፀን ውስጥ ቱቦ ማስገባት የሐኪም ሥራ ነው፤ እዚያ የሚገባ ዘር አስቀድሞ በላቦራቶሪ ይታጠባል። ያልታጠበ ዘር ማኅፀን የገባ እንደሆነ ብርቱ ቁርጠትና ከባድ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ደም፣ ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ የታየባት ሴት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ፤ አፍራ አትቀመጥ።

አምስተኛው መዝገብ ነው። የተደረገበት ቀን፣ የምርመራው ውጤት፣ የተወሰደው መድኃኒት ሁሉ ይጻፍ። ሐኪም የሚረዳው ያደረገውን በሚያውቅ ሰው ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም።

ስድስተኛው ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የታሪክ ምስክሮች ልጥራ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ለንደን ከተማ ጆን ሀንተር ወደሚባል ሐኪም አንድ ጨርቅ ነጋዴ መጣ። ከተፈጥሮው ባለ የአካል ጉድለት ምክንያት ዘሩ ወደ ስፍራው አልደርስ ብሎት ነበር። ሐኪሙም በሞቀ ስሪንጅ እንዲያደርገው መከረው፤ ባልየውም እንደ ተመከረው አደረገ፤ ሚስቱም ፀነሰች። በ1884 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካን አገር ፊላዴልፊያ ከተማ፣ ዊልያም ፓንኮስት የሚባል ሐኪም ባሏ ዘር የሌለውን አንዲት ሴት ለምርመራ ነው ብሎ በክሎሮፎርም ካስተኛት በኋላ፣ የአንድ ተማሪውን ዘር በማኅፀኗ ጨመረ። ለባሏ በኋላ ተነገረው፤ ለእርሷ ግን ፈጽሞ አልተነገራትም። ነገሩ የወጣው በ1909 እ.ኤ.አ. በስፍራው ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ በሕክምና መጽሔት ስለ ጻፈው ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። የመጀመሪያው በተራ መሣሪያ በባልና በሚስት መካከል ተደረገ፤ ሁለተኛው በታላቅ የሕክምና ትምህርት ቤት በሊቃውንት ፊት ተደረገ። ንጹሑ የትኛው ነው? ቁም ነገሩ ቤት ወይም ሐኪም ቤት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሴቲቱ አውቃ መፍቀዷ ነው። አማትን ለማስደሰት፣ ፍቺን ፈርታ፣ የዘመድን አፍ ለመዝጋት «እሺ» ያለች ሴት አልፈቀደችም፤ ተገድዳለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት፣ ከሕግ ውጭ የተዳረች ልጅማ ስለ ፅንስ ከመጠየቋ በፊት ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለስ። ዘሩን የሚሰጥ ሦስተኛ ሰው የገባበት ነገር ከሆነም፣ የእርሱና የሚስቱ ፈቃድ ሊኖር ይገባል።

ሰባተኛው እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ባል «ልጁ የእኔ አይደለም» ብሎ የሚክድበትን ክስ በደነገገበት ክፍል፣ ሚስት በሰው ሠራሽ መንገድ የፀነሰችው በባሏ ፈቃድ መሆኑ ባል በጻፈው ጽሑፍ የተረጋገጠ እንደሆነ ክሱ አይቀርብም የሚል ቃል አስገብቶ ነበር። ይህን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ ነገሩን በስም የሚያውቀው ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ ሕግ አውጪው ግን ወንድ ሲፈቅድ ፈቅዶ ሲቆጣ እንደሚክድ አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። ዛሬ በክልላችን የቤተሰብ ጉዳይ የሚዳኘው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነውና፣ ሦስተኛ ሰው የሚገባበት ነገር ሲሆን ከመጀመር በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ግዴታ ነው። የፊርማው ትምህርት ግን አላረጀም። ልጁን በጽሑፍ ለመቀበል የማይደፍር ሰው፣ በስሪንጅ ለመፍጠር አይድፈር።

ለልጁስ ማን ይነግረዋል? «ማንም አያውቅም» የሚለው ቃል ሞኝነት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ጥቂት ምራቅ በላቦራቶሪ ታይቶ አባትና ወንድም ይለያል። ባገራችን ሰው ሊጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የአባቱን ቤት የደበቃችሁበት ልጅ ሰባቱን ቤት በምን ይቁጠር? እኅቱን ሳያውቅ ቢያገባ ኃጢአቱ የማን ነው? ስለዚህ እውነቱን ለልጁ ለመንገር ያልቆረጠ ሰው፣ በሌላ ሰው ዘር ልጅ ለመውለድ አልተዘጋጀም።

«ልጅ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው። ዝናብም የሚሰጥ እርሱ ነው፤ ይሁን እንጂ ገበሬ ሞፈሩን አስቀምጦ ዝናብ ሲጠብቅ አላየሁም። ጠበልንም አልነቅፍም፤ ያሳዘነኝ ጠበሉ አይደለም፣ ሴቲቱ ብቻዋን መላኳ ነው። በሃይማኖት ሕሊናው የሚከብደው ሰው አስቀድሞ የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ይህም ራሱ አንድ መሰናዶ ነው። «ገንዘብ የለንም» ለሚሉም፣ የዘር ምርመራ ዋጋ ከአንድ ድግስ ወጪ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የጎደለን ገንዘብ አይደለም፤ የወንድ ድፍረት ነው።

ሌላ ደግሞ «ልጅ የሌለው ሰው ምን ሰው ነው?» የሚሉ አሉ። ከቤጌምድርና ከሰሜን መኳንንት ወገን የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አግብተው ልጅ አልወለዱም። ይሁን እንጂ ለአዲስ አበባ ስሟን ያወጡ፣ በ1888 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን አስከትለው አድዋ የዘመቱ፣ መቀሌ ላይም የጠላትን ውሃ ያስያዙ እርሳቸው ናቸው። «መካን» ብሎ ሊሰድባቸው የሚደፍር ማነው? እርሳቸውን ያከበረ አፍ የጎረቤቱን ሚስት ስለምን ይሰድባል?

አሁን ታሪኬን ልጨርስ። ባለፈው ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ዕለት እናቴ እኛ ቤት ነበረች። የሰፈር ልጆች ጅራፋቸውን አጩኸው፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጃችን ቆሙ። ባለቤቴ የጋገረችውን ሙልሙል ለየልጆቹ ስታድል፣ እናቴ አንድ ሙልሙል በእጇ እንደ ያዘች እርሷን እያየች ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ያ ትንፋሽ ለአምስት ዓመት የሰማሁት ነው። ያን ዕለት ግን አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ችግሩ የእርሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። ሐኪም አይቶ ነግሮኛል» አልኋት።

እናቴ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ሙልሙሉን ከሰፌዱ ላይ መልሳ «ያን ሁሉ ቅጠል ያጠጣኋት እኔ ነኝ» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በቤታችን ያ ትንፋሽ አልተሰማም።

ይህን ስጽፍ ልጅ የለንም። ገንዘብ እያጠራቀምን ነው፤ ወደ አዲስ አበባም አብረን እንሄዳለን። ይሆንልን አይሆንልን አላውቅም። ይህን ብቻ አውቃለሁ፤ የሚመጣው ልጅ ቢመጣ እናቱ ስለ እርሱ ሳትሰደብ፣ አባቱም ስለ እርሱ ሳይዋሽ ይመጣል።

ወጣቶች ሆይ፣ ልታገቡ ስታስቡ ከጌሾው በፊት ስለ ልጁ ተመካከሩ። ልጅ የዘገየ እንደሆነ ወንዱ ከሚስቱ እኩል፣ ቢቻለውም አስቀድሞ፣ ይመርመር። በቤት የምታደርጉትን ከባለሙያ ጠይቃችሁ፣ ታጥባችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ተፈቃቅዳችሁ አድርጉ። አባቶቻችን ለጥጃ የደከሙትን ያህል እናንተ ለልጅ ብትደክሙ፣ ብዙ ሴቶች መራራ ቅጠል ከመጠጣት ይድኑ ነበር።